ርካሽ መኪና በውድ እንዳይገዛ
አሮጌ ኦቶሞቢል ገዝቶ በግቢ ስለ ማደስ ለጋምቤላ ነጋዴዎች የቀረበ ሐተታ

በቅሎ የሚገዛ ሰው ጥርሷን ገልጦ፣ ሰኮናዋን አንሥቶ፣ ጀርባዋን በእጁ ዳስሶ ካላየ በቀር ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ይኸው ጠንቃቃ ሰው አሮጌ ኦቶሞቢል ሊገዛ በሄደ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ቀለሙን አይቶ፣ ዋጋውን ሰምቶ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲነሣ አዳምጦ ይስማማል። ስሕተቱ የሚታወቀው መኪናው ግቢ ገብቶ ከቆመ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሻጩ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል፤ ገዢው ግን ገና መክፈል መጀመሩ ነው።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከአዲሱ ይልቅ ባገለገለው ኦቶሞቢል ላይ ከፍ ያለ ታክስ እንደ ጣለ ነጋዴው ሁሉ ያስታውሰዋል። ከዚያም በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከላቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። ከዚህ የተነሣ የብዙ ሰው ዓይን ቀድሞ ወደ አገር ውስጥ በገቡት አሮጌ መኪናዎች ላይ ማረፉ የሚያስደንቅ አይደለም። ቀድሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው፣ በየግቢው ጥግ ሸራ ለብሶ የቆመ ኦቶሞቢል ዛሬ ዋጋ ተጠይቆበት ይሸጣል።

ይህ ነገር በጋምቤላ ለሚኖር ነጋዴ ልዩ ክብደት አለው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በጅማ፣ በበደሌ፣ በመቱና በጎሬ በኩል ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቅ ከተማ ነው። በአዲስ አበባ የተሰበረ ቡሎን ከሰዓት በኋላ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ይተካል፤ በጋምቤላ ግን ያው ቡሎን መኪናውን ሳምንት ሊያስቆመው ይችላል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ርካሽ የሆነው መኪና በጋምቤላም ርካሽ ነው ብሎ መናገር አይቻልም።

የባሮ ወንዝ ትምህርት

የጋምቤላ ነጋዴ አስቀድሞ ማሰብን ከጥንት ጀምሮ ከወንዙ ተምሮታል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ሥፍራ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ ጋምቤላ ከካርቱም በሚመጡ መርከቦች የምትጎበኝ የወንዝ ወደብ ሆነች። ከኢሉባቡርና ከወለጋ ደጋ የወረደው ቡና በዚያ ተጭኖ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር፤ ጨውና ጨርቃ ጨርቅም በዚያው መንገድ ይመጣ ነበር። ሥፍራው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

መርከቦቹ ግን ዓመቱን ሙሉ አይመጡም ነበር። ወንዙ ሞልቶ መርከብ መሸከም የሚችለው በክረምትና በክረምቱ መውጫ ወራት ብቻ ነበርና፣ የሚፈልገውን ዕቃ በጊዜው ያላዘዘ ነጋዴ ውኃው ከጎደለ በኋላ የሚመጣውን ክረምት ከመጠበቅ በቀር ሌላ መድኃኒት አልነበረውም። ዛሬ መርከቡ ቀርቶ ዕቃው በመኪና መንገድ ቢመጣም፣ ትምህርቱ አላረጀም። በጋምቤላ አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ዕቃውን የሚያዘው በተሰበረበት ቀን ሳይሆን ከመሰበሩ በፊት ነው። የዚህ ሐተታ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ የመኪናው ዋጋ ለሻጩ የተከፈለው ሳይሆን፣ መኪናው በገዛ ጎማው እየሄደ ከግቢ እስከሚወጣ ድረስ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ነው።

የአባትና የልጅ ክርክር

ነገሩን ለማስረዳት በጋምቤላ ከተማ ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይትና ጨው የሚሸጥ አንድ ባለ ሱቅ በምሳሌነት ይወሰድ። ይህ ሰው ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ልጅ አለው እንበል። ልጁ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት በመጠገን እጁን አፍታቷል። አንድ ቀን በአዲስ አበባ የሚሸጥ ሁለት በር ብቻ ያለው ዝቅ ያለ የስፖርት መኪና ፎቶግራፍ ለአባቱ ያሳያል።

«አባዬ፣ ዋጋው እኮ ከአንድ ሞተር ብስክሌት ብዙም አይበልጥም።»

«ይህን ያህል ካማረ ለምን ረከሰ?»

ልጁ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መልሱ ግን ቀላል ነው። በሌላው ዓለም ወጣቶች አሮጌ የስፖርት መኪና በርካሽ ገዝተው በየግቢያቸው ማደስ የተለመደ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ለገበያ የቀረበችው ባለ ሁለት መቀመጫ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5፣ በ2016 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን የሞላችው ብዙ ሰው ሊገዛትና ሊጠግናት ስለሚችል ነው። በዚያ አገር ገዢው የሚያስፈልገውን ዕቃ በቁጥሩ ጠይቆ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፖስታ ይቀበላል። በኢትዮጵያ ግን እንዲህ ያለ መኪና ጥቂት በመሆኑ፣ ጥቂት ለሆነ መኪና ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ አይገኝም። ዕቃ የሌለው መኪና ደግሞ ከነቀለሙ ጌጥ ነው። በዚያም ላይ ሆዱ ለመሬት የቀረበ ስለሆነ፣ ዝናብ በሸረሸረው መንገድ ላይ የሞተሩን የዘይት ገንዳ ድንጋይ ይበሳዋል። የስፖርት መኪናው የረከሰው ሻጩ ቸር ስለሆነ ሳይሆን፣ ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ነው።

አባትየው ግን የልጁን ምኞት ፈጽሞ አልቆረጠበትም። «የምትጠግነው ነገር ከፈለግህ፣ ዕቃው ያለውን ፈልግ» አለው። ከዚህም ጋር አንድ ሕግ አኖረ፤ ለመኪናው የሚወጣው ገንዘብ ከሱቁ ትርፍ እንጂ ከሱቁ መነሻ ካፒታል እንዳይነካ፣ በተለይም ለክረምት ዕቃ መግዣ የተቀመጠው እንዳይደፈር አስጠነቀቀ። ዝናብ መንገዱን ሳያበላሸው በፊት መደርደሪያውን ያልሞላ ባለ ሱቅ ደንበኛውን ለጎረቤቱ ይሰጣልና።

ስለ ቮልስ

በኢትዮጵያ ዕቃውም ጠጋኙም ከሚገኝላቸው አሮጌ ኦቶሞቢሎች መካከል ስሙ የታወቀው ፎልክስዋገን፣ ሕዝቡ በአጭሩ ቮልስ የሚለው ነው። በአዲስ አበባ ቮልስ የማያውቅ ሰው የለም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በዚሁ ትንሽ መኪና ነበር። ይህ መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2003 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲሠራ ቆይቶ ሥራው ሲያበቃ፣ የተሠራው ቁጥር 21,529,464 ደርሶ ነበር። ይህን ያህል የተሠራ መኪና ዕቃው ከዓለም ገበያ በቶሎ አይጠፋም።

የስፖርት መኪና የሚወድ ወጣትም በዚህ ምርጫ ብዙ ማዘን የለበትም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1955 እስከ 1974 ዓ.ም. ካርማን ጊያ በሚል ስም የተሸጠው ቆንጆ የስፖርት ኦቶሞቢል፣ በውብ ላሜራው ሥር ሞተሩና ካምቢዮው ከቮልስ የተወሰደ ነበር። የቮልስን ሞተር አውርዶ መመለስ የተማረ እጅ የካርማን ጊያውንም አያፍርበትም።

ቮልስ ራዲያተር የለውም። ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚነፋው ማራገቢያ ደግሞ ዲናሞውን በሚያዞረው በዚያው አንድ ቺንጊያ ይዞራል። ውኃ የሌለው ሞተር ውኃ አይፈላበትም፣ ራዲያተሩም አይቀደድበትም፤ ይህ ጥቅሙ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ግን ማራገቢያው በዚያው ቅጽበት ይቆማል። ስለዚህ በዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የዲናሞ መብራት ሲበራ «ከተማ ደርሼ አየዋለሁ» የሚል ነጂ ከተማ የሚደርሰው ሞተሩን አቃጥሎ ነው። በጋምቤላ ሙቀት ይህ ስሕተት ይቅርታ የለውም።

ከመግዛት በፊት

አባትና ልጅ አዲስ አበባ ወጥተው ሁለት ቮልሶች አዩ እንበል። የመጀመሪያው ቀለሙ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነበር። ልጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ኋላ ዞረና ቺንጊያው የሚዞርበትን የታችኛውን መዘውር በሁለት እጁ ይዞ ወደ ራሱ ሳበ፤ መልሶም ገፋ። መዘውሩ ቋ ቋ የሚል ድምፅ እያሰማ ወደፊትና ወደኋላ ተንቀሳቀሰ። ይህ ምልክት የሞተሩ ዋና ዘንግ ማረፊያው እንደ ተበላ ይናገራል፤ እንዲህ ያለው ሞተር በዘይት ለውጥ አይድንም፣ ተበትኖ መሠራት አለበት። ቀጥሎም የኋላውን መቀመጫ አነሣ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በዚያ ሥር ነው። አሲዱ ከርጥበት ጋር ተባብሮ የወለሉን ላሜራ ይበላዋል። ካቻቢቴውን ወለሉ ላይ ቢያሳርፈው አዲሱን ቀለም ሰንጥቆ ወደ መሬት ወጣ።

«ቀለሙን የቀባው ሰው ወለሉንም አይቶት ነበር» አለ አባትየው፤ እጅ ነሥተው ሄዱ።

ሁለተኛው ቀለሙ የደበዘዘ፣ መቀመጫውም የተቀደደ ነበር። ዋጋው ከመጀመሪያው ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ መዘውሩ አይንቀሳቀስም፣ ወለሉ ጠንካራ ነው፣ ከጭስ ማውጫውም ሰማያዊ ጭስ አይወጣም። የተቀደደ መቀመጫ በጋምቤላ ልብስ ሰፊ ይሰፋዋል፤ የተበላ ወለል ግን መኪናውን በሙሉ ያስከትላል። ይህንን ገዙ።

ከሞተሩ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመረመራል። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። መኪናው በባንክ ወይም በፍርድ ቤት ዕግድ እንዳልተያዘ፣ ያልተከፈለ ግብር እንደሌለበት፣ ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ከሆነም ቀረጡ እንደ ተከፈለ ማረጋገጥ የገዢው ፋንታ ነው። በተለይ በጋምቤላ የዕርዳታ ድርጅቶች መኪና ብዙ ስለሚታይ፣ ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሊዘነጋ አይገባም። ሽያጩ በውልና ማስረጃ ፊት ተፈጽሞ ስሙ ሳይዛወር «በእምነት» የተገዛ መኪና፣ የሻጩ ዕዳ ሁሉ ከእሱ ጋር ተገዝቷል ማለት ነው። ስሙ ከተዛወረ በኋላም የዓመት ምርመራውና ቦሎው፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ወጪ መሆናቸው መታሰብ ይኖርበታል።

ከደጋ ወደ ቆላ

የአዲስ አበባ ቮልስ በጋምቤላ እንደ ለመደው አይሠራም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ጋምቤላ 500 ሜትር በሚያህል ቆላ ላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ከአየሩ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ይህን ለማስተካከል አንዳንድ መካኒክ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ትንሽ ባለ ቀዳዳ ቡሎን በጠበበ ቀዳዳ ይለውጠዋል። መኪናው እንደዚሁ ሆኖ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ያንሳል። ቤንዚን ያነሰበት ሞተር ደግሞ ይግላል። በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚደርስበት አገር፣ ይህን ተጨማሪ ግለት ሊሸከም አይችልም። ስለዚህ ካርቡራተሩ ተከፍቶ ቀዳዳው በፋብሪካው ልክ መሆኑ መታየት አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ የቤንዚኑ ቧንቧ ነው። የአሮጌ ቮልስ የጎማ ቧንቧ በሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ የሚያንጠባጥበው ቤንዚን ከጋለ ሞተር ላይ ከወደቀ መኪናው በሙሉ ይነዳል። ከሞተሩ በላይ ቤንዚን ማጣሪያ ማንጠልጠልም ለዚሁ አደጋ ይዳርጋል፤ ማጣሪያው ከሞተሩ ክፍል ውጭ፣ ከታንከሩ አጠገብ ቢሆን ይሻላል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ደግሞ በጥሩ ጨርቅ ሳይጠለል ወደ ታንከር መግባት አይገባውም።

ሦስተኛው በሞተሩ ክፍል ዙሪያ ያለው የጎማ ጥብቆ ነው። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከሥር የሚወጣው የጋለ አየር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ መከልከል ነው። ጥብቆው የወደቀበት ቮልስ የራሱን ትኩስ ትንፋሽ መልሶ ይተነፍሳል።

ሥራው በግቢ ውስጥ

መኪናው በአይሱዙ ተጭኖ ጋምቤላ ደረሰ፤ በሱቁ ጓሮ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆመ። ልጁ በዚያው ዕለት ሞተሩን ሊያወርድ ፈለገ። አባቱ ግን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብሎ ከለከለው፤ አንድ ደብተር ሰጠውና የሚፈልገውን ዕቃ ሁሉ ከነልኩ እንዲጽፍ አዘዘው። ልጁ ለሦስት ቀናት ከመኪናው ሥር እየተኛ ጻፈ። ዝርዝሩ ለአንድ የታመነ የጭነት መኪና ሾፌር ተሰጠና ዕቃው በአንድ ጉዞ መጣ። በየቀኑ አንድ አንድ ዕቃ ቢላክ ኖሮ የማመላለሻው ዋጋ ከዕቃው በበለጠ ነበር።

የሥራው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ቢሆን ይመረጣል። አስቀድሞ የሚታየው ማቆሚያው እንጂ ማስነሻው አይደለም። የአሮጌው ቮልስ አራቱም ጎማዎች የከበሮ ፍሬን አላቸው፤ በቀድሞዎቹ ሥሪቶች አንድ የፍሬን መሥመር ለአራቱም ስለሚያገለግል፣ አንድ ቦታ ቢያንጠባጥብ መኪናው በሙሉ ፍሬን ያጣል። የፍሬን ሸራው፣ የጎማ ቧንቧውና የፍሬን ዘይቱ ሳይታደሱ ሞተር ማስነሣት ከንቱ ድፍረት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየሩ ርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ ተከፍቶ የቆየ ቆርቆሮ ቢረክስም አይገዛም።

ከፍሬን ቀጥሎ የቤንዚን ቧንቧው፣ ከዚያም ዘይቱ ይለወጣል። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ዘይት ብቻ ነው፤ በወረቀት ማጣሪያ ምትክም ከሥሩ የሽቦ ወንፊት አለው። ትንሽ ዘይት በቶሎ ይግላል፣ በቶሎም ይቆሽሻል፤ በአቧራና በሙቀት አገር በደጋ ከተለመደው ቀደም ብሎ መለወጥ ይኖርበታል። ወንፊቱ ሲወጣ በላዩ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ቢታይ ሞተሩ እያለቀ መሆኑን ይናገራል።

ከዚህ በኋላ ቫልቮላው በቀዝቃዛ ሞተር ይስተካከላል፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ክፍተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር 15 መቶኛ ነው። የፑንቲናው ክፍተት 40 መቶኛ ይሆናል። ካንዴላዎቹ ወጥተው ሲታዩ የሞተሩን ጤና ይመሰክራሉ፤ ቡናማ ከሆኑ ደህና ነው፣ ጥቀርሻ ከያዙ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆኑ ግን ቤንዚን አንሶ ሞተሩ እየጋለ ነው። ይህን ሁሉ ለመሥራት የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም፤ ጥሩ የቁልፍ ስብስብ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የክፍተት መለኪያና ክሪክ ይበቃል።

ስለ ክሪኩ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ክሪክ መኪና ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። የጋምቤላ አፈር ዝናብ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ክሪኩም ወደ ጎን ይሰምጣል። ጠጋኙ ከመኪናው ሥር ከመግባቱ በፊት ጠንካራ የብረት ወይም የወፍራም እንጨት ማቆሚያ በሁለት በኩል ማኖር ግዴታው ነው። ርካሽ መኪና ለማዳን የሰው ሕይወት አይከፈልም።

ልጁ ሁሉንም ፈጽሞ ሞተሩን ባስነሣ ጊዜ ቮልሱ የታወቀ ድምፁን አሰማ። አባትየው ግን ከደስታው ፊት ሌላ ጥያቄ አስቀደመ። «ስንት አወጣን?»

ሂሳቡ

በደብተሩ መጨረሻ የሚገኘው ሂሳብ ለማንኛውም ነጋዴ ምሳሌ ሊሆን ይችላል። የብር ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ መግዣው 100 እጅ ተብሎ ቢወሰድና ሌላው ወጪ በዚያ ቢለካ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ያህል መግዣው 100፣ የጭነት ዋጋው 15፣ ስም ማዛወሪያውና ልዩ ልዩ ክፍያው 10፣ ጎማና ባትሪው 25፣ ፍሬንና የቤንዚን ቧንቧው 15፣ የሞተሩ ዕቃና ዘይቱ 30፣ ያልታሰበው ወጪ 20 ቢሆን፣ ድምሩ 215 ይመጣል። በ100 የተገዛው መኪና በእውነት የተገዛው በ215 ነው።

ከዚህ የሚከተለው ፍርድ ቀላል ነው። ያው መኪና ታድሶ በደህና የሚሄድ ሆኖ በ180 የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፣ ርካሹ መኪና በ35 እጅ ውድ ነበር። ታዳሹ በ250 የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ አባትና ልጅ 35 እጅ አትርፈዋል። ይህንን ከመግዛቱ በፊት ያላሰላ ሰው ነገዶ አልገዛም፤ ዕድሉን ሞከረ እንጂ። የልጁ የሥራ ቀን ዋጋ በሂሳቡ አልገባም የሚል ቢኖር እውነት አለው። ነገር ግን ልጁ በዚያ ጓሮ የተማረው ሙያ ሱቁ ከሸጠው ስኳር ሁሉ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ይህንን ትርፍ በየትኛው ዓምድ እንደሚጽፈው አባትየው ራሱ ይወስን።

ቮልስ የንግድ ጭነት መኪና አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። አንድ ኩንታል ስኳር የሚጭንበት ሰው ቀድሞ ያደሰውን መልሶ ያፈርሳል። ጥቅሙ በከተማ ውስጥ ለመመላለስ፣ በበጋም በደረቅ መንገድ ደንበኛን ለመጎብኘትና ሂሳብ ለመሰብሰብ ነው። ክረምት ሲገባና መንገዱ ሲጨቀይ በጥላ ሥር ማሳረፉ ከመጠገኑ ይረክሳል።

ለባለ ሱቆች የሚቀር ነገር

ከዚህ ሁሉ ለጋምቤላ ባለ ሱቆችና ለአዲስ አበባ አስመጪዎች አንድ የንግድ ሐሳብ ይወጣል። አዲስ የቤንዚን ኦቶሞቢል ካልገባ፣ ያለው አሮጌ መኪና ረጅም ዓመት ያገለግላል ማለት ነው፤ ረጅም ዓመት የሚያገለግል መኪና ደግሞ ዕቃ ይፈልጋል። በጋምቤላ ሰባት ሳጥን የምትይዝ አንዲት መደርደሪያ ብቻ ብትኖር፣ በእርስዋም ቺንጊያ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ የፍሬን ዘይት፣ የሞተር ዘይት፣ የቤንዚን ቧንቧና የቧንቧ ማሰሪያ ብቻ ቢቀመጥ፣ ብዙ መኪና ሳምንት ከመቆም ይድናል። ገንዘብ የሚይዘው ውዱ ዕቃ አይደለም፤ ሰው አጥቶ የሚቆምበት ርካሹ ዕቃ ነው። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለባጃጅና ለሞተር ብስክሌት በመጠን እየተለዩ የሚያስፈልጉ ናቸውና፣ ሻጩ በቮልስ ደንበኛ ብቻ አይወሰንም።

አስመጪው በበኩሉ ዕቃውን ከነቁጥሩና ከነልኩ ለይቶ ቢልክ፣ በሩቅ ያለው ባለ ሱቅ የማይገጥም ዕቃ ተቀብሎ ከመመለስ ይገላገላል። ከጋምቤላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ የማይገጥም ቺንጊያ የሁለት ጊዜ መንገድ ዋጋ በልቷል፤ ገዢውም እምነቱን አጥቷል። በንግድ ደግሞ እምነት ከቺንጊያ ይልቅ ለመተካት ያስቸግራል።

በዚያ ጓሮ ያለው ቮልስ ዛሬ በማንጎው ጥላ ሥር ሲያርፍ፣ ደብተሩ በሱቁ ባንኮኒ ላይ ይታያል። በመጨረሻው ገጽ አባትየው በገዛ እጁ የጻፈው አንድ ዝርዝር አለ፤ ለሚመጣው ክረምት የሚታዘዝ ሁለት ቺንጊያ፣ አራት ካንዴላ፣ አምስት ሊትር ዘይት። መኪናው አልተሰበረም። ዝርዝሩም የተጻፈው ስላልተሰበረ ነው።